ማን ቀድሞ ተኮሰ?

አንድ ፊልም ተሠርቶ፣ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ሚሊዮኖች ከፍለው አይተውት፣ ሽልማቱን ሰብስቦ ካበቃ በኋላ የማን ነው? የሠሪው ነው ወይስ የተመልካቹ? ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ይመስላል። መልሱ ግን በየቤታችን መደርደሪያ ላይ፣ በካሴትና በዲስክ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የምለው ሁለት ስመ ጥር የሳይንሳዊ ልብወለድ ተከታታይ ፊልሞች ለቤት ተመልካች በተለያየ ጊዜ የወጡባቸውን እትሞች ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ነው። አንዱ “ስታር ዋርስ” ነው፤ ሌላው “ኤሊየን”። ሁለቱንም ለሲኒማ ቤት ያከፋፈለው አንድ ኩባንያ፣ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ነው። ቤት ሲገቡ የገጠማቸው ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከአንዲት ቅጽበት ልጀምር። በ1977 በወጣው የመጀመሪያው “ስታር ዋርስ” ውስጥ ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው ሃን ሶሎ፣ ዕዳ ያለበት የኮንትሮባንድ አመላላሽ፣ መሸታ ቤት ተቀምጧል። ግሪዶ የተባለ አረንጓዴ ፍጡር ሽጉጥ ደግኖ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ሊገድለው መምጣቱንም አይደብቅም። ሃን በወሬ እያዘናጋው በጠረጴዛው ሥር ሽጉጡን ይመዛል፤ ይተኩሳል፤ ግሪዶ ይደፋል። የተኮሰው ሃን ብቻ ነው። ከዚያ ለአስተናጋጁ ሳንቲም ወርውሮ ይወጣል። ሰውየው ማን እንደሆነ አወቅን ማለት ነው፤ ለነፍሱ ሲል የማያመነታ፣ ከራሱ በቀር ለማንም ያልወገነ። በፊልሙ መጨረሻ ጓደኞቹን ለማዳን ሲመለስ ደስ የሚለን በዚህ ምክንያት ነው።

በ1997 “ልዩ እትም” ተብሎ በታደሰው ቅጂ ግን ቀድሞ የሚተኩሰው ግሪዶ ነው። ያውም ከአንድ ጠረጴዛ ማዶ ሆኖ ይስታል! በ2004ቱ ዲቪዲ ሁለቱ እኩል ሊባል በሚችል ቅጽበት ይተኩሳሉ። በ2019 በዲዝኒ የኢንተርኔት አገልግሎት በቀረበው ቅጂ ደግሞ ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት “ማክለንኪ” የምትል ቃል ተጨመረችለት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሽጉጥ፣ አራት ታሪክ። ሃን ራሱን ለመከላከል ብቻ የተኮሰ ጨዋ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ መጨረሻ ላይ የሚመለሰው ከየት ነው?

ለነገሩ የቤት ቪዲዮ ፊልምን እንደተፈጠረ የማድረስ ችግር ከጥንትም ነበረበት። “ስታር ዋርስ” በ1982 በካሴት ሲወጣ፣ የሲኒማው ሰፊ ሥዕል ለጠባቡ ቴሌቪዥን እንዲስማማ ግራና ቀኙ ተቆረጠ። በየቅጽበቱ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሥዕል አይታይም ነበር። በእኛም አገር በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ፊልም ያየው ትውልድ የለመደው እንዲህ ያለውን የተቆረጠ ሥዕል ነው። በዚያው በ1982 የወጣው ሌዘር ዲስክ ደግሞ ይባስ የሚያስቅ ነው። የዲስኩ ሁለት ገጽ የሚይዘው 120 ደቂቃ፣ ፊልሙ 121 ደቂቃ ሆነና፣ እንዲገባ ለማድረግ ፊልሙን ትንሽ አፈጠኑት። ይህ ሁሉ ግን የመሣሪያው ጉድለት ነው፤ መሣሪያው ሲሻሻል ጉድለቱም ይቀንሳል። በእርግጥም በ1993 በወጣው የሌዘር ዲስክ ሳጥን ሙሉው ሥዕል ተመልሶ ታየ። በ1995 ሦስቱ ፊልሞች እንደገና በካሴት ሲወጡ ማስታወቂያው የመጀመሪያውን ቅጂ ለመግዛት ይህ የመጨረሻው ዕድል ነው አለ። የነጋዴ ማባበያ ይመስል ነበር፤ ከሞላ ጎደል ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የመሣሪያ ሳይሆን የፈቃድ ነው። ልዩ እትሙ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በ1980 በወጣው “ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ” የበረዶው ጦርነት ላይ በሥዕሎቹ መጋጠሚያ ይታይ የነበረው እንከን ጸድቷል፤ በደመናዋ ከተማ ድፍን ግድግዳዎች ላይ መስኮት ተከፍቶ ሰማዩ ታይቷል፤ ዓይንን ያሳርፋል። ችግሩ ያለው እጁ ከግድግዳው አልፎ ሰው ላይ ሲደርስ ነው። በ1983ቱ “ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ” መጨረሻ፣ ከጥፋቱ የተመለሰውን አባት መንፈስ ሆኖ የሚታየው አንጋፋው እንግሊዛዊ ተዋናይ ሴባስቲያን ሾው ነበር። በ2004ቱ ዲቪዲ ሾው ወጥቶ ወጣቱ ሄይደን ክሪስተንሰን ገባ። ሾው በ1994 አርፏል፤ የሚጠየቅም የሚከራከርም አልነበረም። በ2011ዱ ብሉ ሬይ ደግሞ ዳርት ቬደር ልጁን ለማዳን ንጉሠ ነገሥቱን ብድግ ከማድረጉ በፊት “አይሆንም!” እያለ ይጮኻል። በ1983 ዝም ብሎ ነበር። ፊት የሌለው ጥቁር ጭንብል አንዴ ወደ ልጁ፣ አንዴ ወደ ጌታው ሲዞር ሐሳቡን የምናነበው እኛ ነበርን። ጩኸቱ ይህንን ሥራ ከእጃችን ነጠቀን።

የፊልሞቹ አባት ጆርጅ ሉካስ መከራከሪያ አለው። ፊልሙ የእኔ ነው፤ በ1977 ገንዘቡም መሣሪያውም አጥሮኝ ያልጨረስኩትን አሁን ጨረስኩት፤ የድሮው ለእኔ የለም ይላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ገጣሚ ግጥሙን፣ ደራሲ ልብወለዱን በሁለተኛ እትም ያርማል፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን የመጀመሪያውን እትም ከየአንባቢው ቤት እየዞረ አይሰበስብም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ደግሞስ “የእኔ” የሚለው ቃል ምን ያህል ይዘረጋል? “ኢምፓየር”ን ያዘጋጀው ኢርቪን ከርሽነር፣ “ጄዳይ”ን ያዘጋጀው ሪቻርድ ማርኳንድ ነው። ማርኳንድ በ1987 ስለሞተ በፊልሙ ላይ የተደረገውን አንዱንም ለውጥ አላየም። የመጀመሪያው ፊልም በ1978 ካገኛቸው ኦስካሮች መካከል የቅንብርና የቪዥዋል ኢፌክት ሽልማቶች አሉበት፤ የተቀበሏቸውም ሉካስ ሳይሆን ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። እየተነሳ በኮምፒዩተር ሥዕል የተተካው የእነሱ የእጅ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የራሱ የሉካስ ምስክርነት ነው። በማርች 1988፣ የጥቁርና ነጭ ፊልሞች በኮምፒዩተር ቀለም መቀባት ባነጋገረበት ወቅት፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ድርጊቱን አጥብቆ ተቃውሟል። ነገ ቴክኖሎጂው ሲያድግ የባለቤትነት መብቱን የያዘው ሰው ተዋንያንን በአዳዲስ ፊቶች ይተካል፤ ንግግራቸውን ይለውጣል፤ እንደፈለገው አዲስ “የመጀመሪያ” ኔጋቲቭ ይሠራል ሲል አስጠነቀቀ። የሕዝብ ጥቅም ከሌላው ጥቅም ሁሉ እንደሚበልጥም ተናገረ። ያኔ የቆመው ለአርቲስቱ መብት ነበር ሊባል ይችላል፤ ልክ ነው። ግን በ2004 ከሾው ላይ የተነሳው ፊት ይኸው የፈራው አልነበረም?

አሁን ወደ “ኤሊየን” እንለፍ። በዲሴምበር 2003 ፎክስ አራቱን ፊልሞች በዘጠኝ ዲስክ አድርጎ በአንድ ሳጥን አወጣቸው። ዲስኩን ስታስገቡ ይጠይቃችኋል፤ ሲኒማ ቤት የታየውን ትፈልጋላችሁ ወይስ ሌላውን ቅንብር? ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው። ሪድሊ ስኮት የ1979ኙን የመጀመሪያ ፊልም እንደገና ሲያቀናብር ጥቂት ጨምሮ ጥቂት ቀንሶ ከቀድሞው በአንድ ደቂቃ ያነሰ አደረገው፤ የድሮውን ግን አልካደውም። የጄምስ ካሜሩን “ኤሊየንስ” (1986) 137 ደቂቃ ነበር፤ በረጅሙ ቅጂ 154 ሆኗል። በእኔ አስተያየት ከተጨመረው ውስጥ ሪፕሊ በተኛችባቸው 57 ዓመታት ሴት ልጇ አርጅታ መሞቷን የምትሰማበት ትዕይንት ወርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለትንሿ ኒውት የምታሳየው ፍቅር ሥር ያገኛል። በአንጻሩ ሰፋሪዎቹ ከጥፋቱ በፊት ሲኖሩ ማሳየቱ ምሥጢሩን ቀድሞ ያባክነዋል። ይህን ማመዛዘን የቻልኩት ሁለቱም ስለተሰጡኝ ነው።

ሦስተኛው ፊልም (1992) ደግሞ የቁስል ታሪክ ነው። ወጣቱ ዴቪድ ፊንቸር ከኩባንያው ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ በመጨረሻ ትቶት ሄደ፤ የ2003ቱ ሳጥን ሲዘጋጅም አልሳተፍም አለ። አዘጋጆቹ የቆዩ ቁርጥራጮችን ለቅመው ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚረዝም ቅንብር አቀረቡ። አንዳንድ ቦታ ድምፁ ስለማይሰማ ንግግሩ በጽሑፍ ታክሎበታል። ያልተጠናቀቀ ነገር መሆኑን አልሸሸጉም፤ የሲኒማ ቤቱንም አላነሱም።

በአብነት ትምህርት ቤት የአንድምታ መምህር ንባቡን አይነካም። ንባቡን አስቀምጦ “አንድም” እያለ ፍቺውን ይደረድራል፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። የ“ኤሊየን” ሳጥን እንዲህ ነው። “ስታር ዋርስ” ላይ የተደረገው ግን ብራናውን ፍቆ በላዩ መጻፍ ነው።

በ2006 አንድ ጊዜ ነገሩ የተስተካከለ መስሎ ነበር። ሦስቱ ፊልሞች ተጨማሪ ዲስክ ተደርጎላቸው፣ ሲኒማ ቤት የታየው ቅጂ እንደ ጉርሻ ተካተተ። የተቀዳው ግን ለ1993ቱ ሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው የቆየ ማስተር ስለነበር፣ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በአራቱም ጎን በጥቁር የተከበበች ትንሽ ሥዕል ሆኖ ይታያል። የ2011ዱ ብሉ ሬይና የ2020ው 4ኬ ሳጥን እሱንም አላካተቱም። ክፍተቱን ለመሙላት የተነሱት ተራ አፍቃሪዎች ናቸው። ከ1977 የተረፉ የ35 ሚሊሜትር ግልባጮችን ፈልገው፣ በራሳቸው ወጪ እያጸዱ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡ። ሕግ ካየነው ጥፋተኞች ናቸው። ሥራቸውን ካየነው የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሥራ ነው። በጁን 2025 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት አንድ የ1977 ግልባጭ ለንደን ላይ ሲያሳይ ብዙ የተወራለትም ሰው ይህን ያህል ስለናፈቀው ነው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የበኩሌን መልስ ልስጥ። ፊልም የሠሪው ነው፤ እስኪታይ ድረስ። ከታየ በኋላ የጋራ ነው፤ ሠሪው መጨመር ይችላል፤ መልሶ መውሰድ ግን አይችልም። መግዛት ለሚያስብ አንባቢ ምክሬ አጭር ነው። “ኤሊየን”ን በ2010 በወጣው የብሉ ሬይ ሳጥን ፈልጉት፤ ሁለቱም ቅጂዎች አሉበት። “ስታር ዋርስ” ካጋጠማችሁ በሽፋኑ ሥዕል አትሸነገሉ፤ ገልብጡና ዓመቱን አንብቡ። የ2006ቱ ባለ ሁለት ዲስክ ከሆነ፣ ሥዕሉ ትንሽ ነው ብላችሁ ሁለተኛውን ዲስክ አትናቁት።