እረኛው ማንን ያውቃል?

ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። ብዙ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ በየበዓሉም በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከጧፍና ከመቁጠሪያ ጋር ይሸጣል። ጸጉሩ ወደ ወርቅ የሚያደላ፣ ልብሱ አሁን ከሳሙና የወጣ የሚመስል ክርስቶስ አንዲት ግልገል ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እንደ ምንጣፍ በተስተካከለ ሣር ላይ ይራመዳል። ከኋላው የሚከተሉት በጎች ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። «መልካም እረኛ» ይባላል።

ከሥዕሉ ጋር ጠብ የለኝም። ሰው ፊቱ ተንበርክኮ የሚያለቅስበትን ነገር መንቀፍም ቀልድ አይደለም። ግን እስቲ ይህን ሥዕል ማክሰኝት ውሰዱና ለአንድ የአሥር ዓመት እረኛ አሳዩት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ግልገሏ ምን ሆና ነው?» ብሎ ይመስለኛል። ደህና ግልገል ማንም አይሸከምማ! ግልገል የምትታቀፈው ሜዳ ላይ ስትወለድ፣ እግሯ ሲሰበር ወይም ወንዝ ሲሞላ ነው። ቀጥሎ «በትሩስ የታለ?» ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ «ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ እንዴት አድርጎ ነው የሚለያቸው?»

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ዙሪያዋ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት አገር ነው። ማሳው እህል ላይ ሳለ በጎቹ ወደ ዳገቱና ወደ ወንዝ ዳር ይገፋሉ፤ እህሉ ሲነሣ ባዶው ማሳ ይለቀቅላቸዋል። የሦስት የአራት ቤት በግ አንድ ላይ ይነዳል። ታዲያ ማታ መንጋው ሲገባ ልጁ ቁጭ ብሎ አይቆጥርም። አየት ያደርግና «የእማማ እገሊት ጆሮ ተቆራጯ የለችም» ይላል። ላምና በሬውንማ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ጉራች፣ ወይኖ እያለ በየስሙ ይጠራል። የቷ በግ ድንበር መጣስ እንደምትወድ፣ የቷ እናት ልጇን እንደምትገፋ፣ የቷ የጮኸችው ከጠማት እንደሆነ የቷ ደግሞ ከፈራች እንደሆነ ያውቃል። ይህን ያስተማረው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር መዋል ነው ያስተማረው።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ስታነቡት መጀመሪያ የሚመጣው ሞት አይደለም። መጀመሪያ እረኛው የራሱን በጎች በየስማቸው ይጠራል፤ ከፊታቸው ይሄዳል፤ እነሱም ድምፁን ስለሚያውቁ ይከተሉታል፤ የእንግዳ ድምፅ ሲሰሙ ይሸሻሉ። ነፍሱን ስለ በጎቹ አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁንም ወደ ማወቁ ይመለስና የእሱና የበጎቹ ትውውቅ የአብና የወልድን ትውውቅ እንደሚመስል ይናገራል። ከዚህ በላይ የከበደ ቃል ከየት ይመጣል? ሞቱ በማወቅ ታጥሮ ነው ያለው፤ ከፊቱም ከኋላውም ማወቅ አለ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ምዕራፍ የራሱ እሑድ ሰጥታዋለች። በጾመ ነቢያት መጨረሻ፣ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ባለው ሳምንት የሚውለው ሰንበት «ኖላዊ» ይባላል፤ በግእዝ እረኛ ማለት ነው። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የልደቱን ዜና መጀመሪያ የሰሙት እረኞች ከመታሰባቸው በፊት እሱ ራሱ እረኛ ተብሎ ይታሰባል። ድንቅ አቀማመጥ ነው። ስብከቱ ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንድም «ስለ እኛ ሞተልን»፣ አለዚያም «ምንደኞች ተጠንቀቁ»። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ግን ማንን አውቆ እንደሞተ ሳይነገር ያልፋል። ሁለተኛው ደግሞ በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ የጎረቤትን ሰባኪ መስደቢያ ሆኗል።

ስለ ምንደኛ ካነሣን አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር በቅጥር የሚጠብቀው እረኛ ማነው? ለቀለብና ለልብስ፣ ሲደላው በዓመት ለአንድ ጠቦት ያደረ የድሃ ልጅ ነው። ቀበሮ ሲመጣ ይሸሻል ወይ? የት ይሸሻል! በጉ ከጠፋ በጅራፍ የሚጠየቀው የእሱ ጀርባ ነው። ወንጌሉ የሚነቅፈው ደመወዝ መቀበልን አይመስለኝም፤ በጎቹ ግድ የማይሰጡትን፣ ተኩላ ሲመጣ መውጫ በር ያለውን ሰው ነው። መውጫ በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ለትልልቆቹ ነው።

ሕፃኑን ካነሣን ደግሞ፣ በጎቹን ሁሉ በየመልካቸው የሚያውቀውን ልጅ እሱንስ ማን ያውቀዋል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። ስሙ በየማለዳው የሚጠራበት መዝገብ ተዘግቶ ልጁ ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ ዋለ። የድሮ መሳፍንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። አሁን ጠያቂውም ጠፋ።

ወደ ትልልቆቹ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ አክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነበር። ጳጳስ ይላክልን ብሎ እስክንድርያ ሲሄድ አትናቴዎስ ራሱን ሾሞ የመለሰው አገሩንና ሰዉን ስለሚያውቅ ነው። ከእሱ በኋላ ግን ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለአገሩ ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜም ቋንቋችንን የማያውቅ። በጎቹ ድምፁን ያውቃሉ የሚለውን ቃል በአስተርጓሚ የምንሰማ ሕዝብ ነበርን ማለት ነው። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ካይሮ ላይ ሲሾሙ በእኔ እይታ ትልቁ ነገር የሥልጣን ጉዳይ አልነበረም፤ እረኛው የመንጋውን ቋንቋ መናገሩ ነው።

ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ ስበኩ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ሌላው አቡነ አብርሃም ግን ለወራሪው አድረው በ1930 ዓ.ም. በእሱ ሊቀ ጳጳስ ተብለው ተሾሙ። ቋንቋ ማወቅ ብቻውን እረኛ አያደርግም፤ ይኼም አይካድም።

አርባ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ሐምሌ መጣ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ሐምሌ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። በሁለት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 21፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በመከራ ጊዜ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሁለቱ ሰዎች አንድ መሠዊያ ላይ አይቆርቡም ነበር፤ የሁለቱም አስከሬን ግን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። «ምንደኛ» እያልን ስንሞላለጭ ይህችን ሐምሌ የሚያስታውስ ሰባኪ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉም እረኛ ይሙት አልልም። በገጠር መሞት ሳይመጣ ማወቁ በየቤቱ ይሠራ ነበር፤ የንስሐ አባት ይባላል። ቄሱ ራሱ አራሽ ነው፤ ጥማዱም ልጆቹም እዚያው ናቸው። የማን ባልና ሚስት እንደተኳረፉ፣ የማን ጓዳ እንደጎደለ ሳይነገረው ያውቃል። መስቀሉን ይዞ ሲመጣ ውሻው እንኳ አይጮህበትም። ከማክሰኝት የሚወርደው ውኃ የሚገባበት ጣና ዳር፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ቅዱሳን አይታችሁ ከሆነ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩአችኋል፤ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ክፉው ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደግ ሰው ማለት ፊቱን አዙሮ የሚያይ ሰው መሆኑን ገብቷቸው ነበር። ሳሎናችን ያለው ባለ ወርቅ ጸጉር እረኛ ግን የሚያየው ወደ ሩቅ ነው።

ከተማ ላይ አንድ የንስሐ አባት ስንት ልጆች እንዳሉት ራሱም አያውቅም። ስልክ ቁጥራቸውን በሞባይሉ ይይዛል፤ «ንስሐ ልጅ 1»፣ «ንስሐ ልጅ ቦሌ» እያለ። በእሱ አልፈርድም፤ መንጋው በዝቶ ቀኑ አጥሮበታል። በመንፈሳዊ ጉባኤው ደግሞ አሥር ሺህ ሰው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ማንም በስሙ አይጠራም።

ይኼ ነገር የሚታወቀው ቀብር ላይ ነው። ለፍትሐቱ የሟቹ የክርስትና ስም ያስፈልጋል። ካህኑ ወደ ቤተሰቡ ዞር ብለው «የክርስትና ስሙ ማነው?» ይላሉ። ሚስት ታቀረቅራለች፣ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ጎረቤት ይንሾካሾካል። የንስሐ አባቱም ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንዱ ስልኩን ያወጣና አገር ቤት ላለች አሮጊት አክስት ይደውላል።