አንድ ግኝት የማን ነው? ስለ ፖል ራቢኖ «ፒ.ሲ.አር.ን መሥራት» የቀረበ ሂስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸበት ጊዜ ወዲህ «ፒ.ሲ.አር.» የሚለው ቃል ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የገበያና የመንገድ ቃል ሆኗል። ይሁን እንጂ ዘዴው ምን እንደሆነና በማን እንደተሠራ ሲጠየቅ በብዙ መጻሕፍት የሚገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ካሪ መሊስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በአንድ ሌሊት መኪና እየነዳ ሳለ ሐሳቡ በድንገት እንደበራለት የሚተርከው ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ መምህር የነበረው ፖል ራቢኖ እ.ኤ.አ. በ1996 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው «ሜኪንግ ፒ.ሲ.አር.»፣ በአማርኛ «ፒ.ሲ.አር.ን መሥራት» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ፣ ይህን ተረክ የሚፈትን ነው። መጽሐፉ ዕድሜ ያስቆጠረ ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ዛሬም አላረጀም።

የመጽሐፉን ክርክር ለመመዘን አስቀድሞ ዘዴውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ኑክሊክ አሲድ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች ያሉት ነው። በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ክሮቹ ይለያያሉ። ሙቀቱ ወደ 55 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ማስጀመሪያ የሚባሉ ሁለት አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮች የሚፈለገውን ክፍል ከሁለት ጫፍ ይዘው ይጣበቃሉ። ከዚያም በ72 ዲግሪ ገደማ ፖሊሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ከማስጀመሪያዎቹ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ክር የጎደለውን ጓደኛ ይገነባለታል። በዚህም አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይሄዳል። ይኸው ዙር 30 ጊዜ ቢደገምና እያንዳንዱ ዙር ያለጉድለት ቢፈጸም፣ ከአንድ ሞለኪውል ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ከብዛቱ ማነስ የተነሣ ሊታወቅ ያልቻለው ነገር የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የራቢኖ ዋና ክርክር በሦስት ነገሮች ልዩነት ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም ሐሳቡ፣ ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሙከራ ሥርዓት፣ እንዲሁም ማንም የሠለጠነ ሰው ሊገለገልበት የሚችለው መሣሪያ ናቸው። መሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል በነበረው ሴተስ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ ሐሳቡን ማመንጨቱን ደራሲው አይክድም። ነገር ግን ሐሳቡ ብቻውን ምንም አልመረመረም። ፍሬድ ፋሉና የተባለው የላቦራቶሪ ረዳት ከመሊስ ጋር ሙከራውን ደጋግሟል። ራንዳል ሳይኪ፣ ስቲቨን ሻርፍ፣ ሄንሪ ኤርሊክና ኖርማን አርንሃይም ደግሞ ዘዴውን በታወቀ በሽታ ላይ ሞክረው፣ የደም ሕዋስን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዘውን በዘር የሚተላለፍ የደም ማነስ ለመለየት እንዳገለገላቸው እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አስታውቀዋል። በዚያን ጊዜ የሚሠሩበት ኢንዛይም በሙቀቱ ስለሚበላሽ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። ሙቀትን በሚቋቋም ኢንዛይም መሥራቱ በዚያው መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። መሣሪያው በእውነት መሣሪያ የሆነውም ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጽሐፉ ትልቅ ብርታት ሠራተኞቹን በራሳቸው አንደበት ማናገሩ ነው። የምርምር ኃላፊው ቶም ኋይት ከባልደረቦቹ ጋር የማይስማማውን መሊስን በሥራው ላይ እንዴት እንዳቆየው፣ ከዚያም ውጤቱ ሲዘገይ ሌሎችን ጨምሮ ሥራውን እንዴት እንዳደራጀው አንባቢ በቅርብ ይከታተላል። ግኝት ከብልህነት ሌላ ትዕግሥትንና አስተዳደርን፣ የእጅ ጥበብንም እንደሚጠይቅ ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ መጽሐፍ ብዙ አይደለም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ደራሲው ግኝቱን ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ ለኩባንያው ባልደረቦች ሲያካፍል፣ ከኩባንያው አጥር ውጪ ያሉትን በሚገባቸው ስፍራ አላስቀመጣቸውም። ሙቀት የሚቋቋመው ኢንዛይም የተገኘው ቴርመስ አኳቲከስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህን ባክቴሪያ በአሜሪካ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከሚገኝ ፍል ውኃ እ.ኤ.አ. በ1966 ያገኙት ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ ናቸው፤ ፍለጋቸውም ሕይወት በምን ያህል ሙቀት ሊኖር እንደሚችል ለማወቅ እንጂ ለንግድ አልነበረም። ኢንዛይሙን አጥርተው ያወጡት ደግሞ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አሊስ ቺየንና ጓደኞቿ ሲሆኑ፣ ይህም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሐሳቡም ረገድ ቢሆን ዲ.ኤን.ኤ.ን በሁለት ማስጀመሪያዎች የማባዛት ውጥን በሐር ጎቢንድ ኮራና ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጽፎ ነበር። የግኝቱ ባለቤትነት እ.ኤ.አ. በ1991 ለሆፍማን ላ ሮሽ በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ መሊስ ቀደም ሲል ከኩባንያው ያገኘው ጉርሻ 10,000 ዶላር ነበር፤ ፍል ውኃው የተገኘበት ፓርክ ግን ከሽያጩ ምንም አላገኘም። «ግኝቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ቢዘልቅ ኖሮ የመጽሐፉ ክርክር ይበልጥ በጸና ነበር።

ጉዳዩ የምስጋና ክፍፍል ብቻ አይደለም። መሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን፣ የዲ.ኤን.ኤ.ን ፊደል በተፈለገው ቦታ ለመለወጥ የሚያስችል ዘዴ ካገኘው ከማይክል ስሚዝ ጋር ተካፍሏል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ኤድስ በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የሚመጣ መሆኑን አልቀበልም ብሏል። ይህ አቋሙ ፍጹም ስሕተት ነው። በሕመምተኛ ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ለመለካት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ዋነኛው የእርሱ ፒ.ሲ.አር. መሆኑ ደግሞ ስሕተቱን ይበልጥ ያጎላዋል። ሳይንስን የታላላቅ ሰዎች ገድል አድርጎ የተማረ ተማሪ፣ ገድለኛው ሲስት አብሮ ይስታል። ሳይንስን የመፈተኛና የመተራረሚያ ሥርዓት አድርጎ የተማረ ግን ሰውየውን ከሥራው ለይቶ መመዘን ይችላል። በኤድስ ብዙ ወላጆች በሞቱበት አገር ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም።

መጽሐፉ ለመማሪያነት አልተጻፈም። የአንትሮፖሎጂ ጽንሰ ሐሳብ የበዛባቸው ገጾቹም የሁለተኛ ደረጃ መምህርን ሊያታክቱ ይችላሉ። ሆኖም ከሐሳብ ወደ ሙከራ፣ ከሙከራ ወደ መሣሪያ የሚሄደው አከፋፈሉ በቀጥታ ለክፍል ትምህርት የሚውል ነው። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም። ሁለት ቀለም ያላቸው ክሮችና የወረቀት ቁራጮች የክሮቹን መለያየትና መገንባት ለማሳየት ይበቃሉ። የእጥፍታውን ኃይል ለማስረዳትም ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ተነሥቶ 30 ጊዜ እያጠፉ ማስላት ነው፤ መጨረሻው ሦስት ኩንታል ገደማ ጤፍ ይሆናል።

ዕቅድ አውጪዎችም ከመጽሐፉ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ፋሉናን፣ ሳይኪንና ሻርፍን የመሰሉ እጆች ባይኖሩ የመሊስ ሐሳብ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሥልጠና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላልሞላላቸው የሚተው ማካካሻ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ፣ የዕውቀት ሥራ ግማሽ አካል ከመጀመሪያው ተጓድሏል ማለት ነው። ግኝት በአንድ ሌሊት ለአንድ ሊቅ የሚበራ ብርሃን ነው የተባለ ተማሪ፣ ብርሃኑ ለእርሱ እንዳልተላከ ቆጥሮ ይቀመጣል። ብዙ እጆች ለዓመታት የሠሩት መሆኑን የተረዳ ተማሪ ግን ለራሱም እጅ የሚሆን ሥራ መኖሩን ያያል። የራቢኖ መጽሐፍ ከነጉድለቱ መነበብ ያለበት ስለዚህ ነው።