ስም የሌለው ጋሻ

በየከተማው «ሙዚየም» ወይም «የባህል ማዕከል» ተብሎ የተከፈተውን ክፍል ያየ ሰው ዕቃዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር፣ ጥግ ላይ ሞሰብና አገልግል፣ መሃል ላይ የሀገር ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት። ከሥሩ በቁራጭ ወረቀት «ጋሻ» ይላል። ጋሻ መሆኑንማ አየነው! የማን ነበር? የት ዋለ? ማንን መከተበት? ለዚህ መልስ የለም።

ጉድለቱ የትም ቢሆን ጉድለት ነው፤ እንደ ቆቦና የራያ ቆላ ላለ ሀገር ግን እውነትን መሸሽ ይሆናል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሲያፈገፍግ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት ከወጉት መካከል የራያና የአዘቦ ሰዎች ነበሩበት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ የመንግሥት ጦር እነሱን ለመቅጣት ዘምቶባቸው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በ1935 ዓ.ም. በተነሳው የቀዳማይ ወያኔ አመፅም ራያዎች ተሳትፈዋል። ታዲያ ያ የተሰቀለው ጋሻ በየትኛው ቀን የተያዘ ነው? «የጀግኖች መፍለቂያ» የሚል ጽሑፍ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ደግሞስ የቆቦ ታሪክ በጋሻ ብቻ ያልቃል? የቆላው ሰው ዕድሜውን የገፋው በማሽላ ነው። እንደ ጅጉርቲ ያሉት የአካባቢው ዘሮች የት አሉ? አቀንጭራን እንዲቋቋሙ የተለቀቁት «ጎብዬ» እና «አብሽር»ስ? የእህል ጉድጓዱስ? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረም መጠለያ ዓለምን ሲያስለቅስ፣ የአንድ ቤት ጉድጓድ መቼ ባዶ እንደሆነ የሚናገር አንድ ዕቃ ከአሥር ጦር ይበልጣል።

ይህ አይቻልም እንዳይባል፣ የተቻለበት ቦታ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትኖግራፊ ሙዚየም ዕቃዎቹን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ከልደት እስከ ሞት ደርድሯቸዋል፤ ጎብኚው ዕቃውን ሲያይ የሚያስበው ሰውን ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ የሟቾችን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ደርድሯል። እዚያ የገባ ሰው የሚያየው ቁጥር ሳይሆን የሰው ፊት ነው።

ነገሩ የማሳመር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የደሴው ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል። የተዘረፈ ቅርስ የሚፈለገውም፣ ሲገኝ የሚታወቀውም በመዝገብ ነው። «ጋሻ፣ ባህላዊ» ብሎ የመዘገበ ሰው ገበያ ላይ ሲሸጥ ቢያየው በምን አፉ «የኛ ነው» ይላል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ ሲቪሎች በሕወሓት ኃይሎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። ዘመዶቻቸው ዛሬ ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ የወደቁበትን ቦታ ያውቃሉ። ነገ አንድ የባህል ሠራተኛ ለእነሱም «የጦርነቱ ሰለባዎች» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ እንዳያልፍ እፈራለሁ። ለጊዜው ሕንፃም፣ የመስታወት ሣጥንም ይቆይ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር፣ አዛውንቶችን «ይህ የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ፣ የሰማውን ቢያስደስትም ባያስደስትም የሚጽፍ አንድ ሰው ይቀጠር። ሙዚየሙ ከዚያ ደብተር ይጀምራል።