ተቀባይ

ብዙ ሠርግ ላይ እስክስታ ገጥሜያለሁ፤ የማልረሳቸው ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ዲጄው የጎጃም ዘፈን ሲያስገባ ጋቢያቸውን ለልጅ ልጃቸው አቀበሉና ፊቴ መጥተው ቆሙ። ቆሙ እንጂ አልጨፈሩም። ከበሮው ሁለት ዙር አለፈ። ከዚያ ቀኝ ትከሻቸው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከፍ ብሎ ወረደ፤ ዓይናቸውም «እህ?» አለኝ። ሳላስበው ትከሻዬ መለሰ። ፈገግ አሉና ግራውን ጨመሩ፤ ደግሞ ጠበቁኝ። እንዲህ እየተጠያየቅን ዘፈኑ አለቀ። በቅጡ እንኳ አላላበኝም፤ ግን ያን ያህል ደስ ብሎኝ ጨፍሬ አላውቅም።

ሙያዬ ውዝዋዜ ነው። ለዓመታት ማታ ማታ ባህል ምግብ ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ቃሊቲ የሰፈር ልጆች አሠለጥናለሁ። የሚመጣው ሁሉ «እንዴት ነው የሚመታው?» ይለኛል። እንዴት እንደሚቀበሉ የጠየቀኝ የለም። በዘፈን እኮ አውጪና ተቀባይ አለ፤ ተቀባይ ካጣ አውጪው ምን ድምፀ መረዋ ቢሆን ብቻውን ሲጮህ ያመሻል። ሁለት ሰው እስክስታ ሲገጥምም ያው ነው።

ተቀባዩን ያስረሳን በከፊል መድረኩ ይመስለኛል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ውዝዋዜ ከዳስ ወጥቶ ወደ ቴአትር ቤት ሲገባ ፊታችንም አብሮ ዞረ፤ ከተጣማሪያችን ወደ ተመልካቹ። መስመር ሠርተን እኩል እንመታለን፣ እኩል እናቆማለን። ያምራል፤ እንጀራዬም ስለነበር አላማውም። ግን መልሱን ሁላችንም አስቀድመን አጥንተነዋል። ማን ይጠይቃል? ማንስ ይመልሳል?

ታንጎን የወደድኩት በዚህ ጥያቄ በኩል ነው። ውጭ አገር ቆይታ የተመለሰች ጓደኛዬ ሳሎኗ ውስጥ ምንጣፉን ጠቅልላ መሠረቱን አሳየችኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ድሆች ሰፈር የተወለደ ጭፈራ ነው። ግብዣው በዓይን ነው፤ ሰውየው ሴቲቱን ከአዳራሹ ማዶ ያያታል፣ እሷም ካየችውና ራሷን ከነቀነቀች ይነሳል፣ ዓይኗን ከመለሰች ማንም ሳያፍር ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህን ስትነግረኝ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። (የእኛ ሠርግ ላይ ጎትቶ የሚያስነሳሽን ሰው እጅ ግን ምን ትያለሽ?) ደግሞም ከአንድ ሰው ጋር ሦስት አራት ዘፈን በተከታታይ ይጨፍራሉ። የመጀመሪያው የሰውየውን ትንፋሽ በማወቅ ያልቃል፤ ደስታው ከሁለተኛው ይጀምራል። የእኛ ዲጄ ገና ስንግባባ ጎጃምኛውን ቆርጦ ጉራጊኛ ያስገባል፤ ከትከሻ ወደ እግር።

ታንጎ ደረት ለደረት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ተጨነቅሁ። ጓደኛዬ ስትመራኝ ወይ እንጠለጠልባታለሁ፣ ወይ ልትሄድ የምትችልበትን ገምቼ እቀድማለሁ። ያስተማረኝ የቃሊቲ ባቡር ነው ብል ትስቃለች። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ባቡር ውስጥ ቆሞ የተጓዘ ያውቀዋል፦ ብረቱን አንቀህ ከተገተርክ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ትላተማለህ፤ ጉልበትህን ላላ አድርገህ ሚዛንህን ራስህ ከያዝክ ግን ባቡሩ ወዴት እንደሚያዘነብል እግርህ ቀድሞ ይሰማዋል። የሚከተል ሰው ሥራ ይኸው ነው። የራስን ክብደት ራስ መሸከም፣ የሌላውን ደግሞ ሳይገምቱ መስማት።

እስክስታ ላይ መነካካት የለም፤ ስለዚህ የሚሰማው በዓይን ነው። እኔ የገጠመኝን ሰው ትከሻ አላይም፤ ትከሻ ይዘገያል። የማየው አንገቱ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ነው። ትንፋሽ ሲስብ እሷ ትነቃነቃለች፤ ትከሻው ተከትሎ ይመጣል፣ «እስ» የሚለው ድምፅም ከመምታቱ ጋር ይወጣል። ምቱም ያግዛል። ታንጎ ቀጥ ባለ እርምጃ ላይ የሚሄድ ነው፤ የእኛን ችክችካ ግን ስድስቱን ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማት ይቻላል። እሱ በሁለት ሲመታ እኔ በሦስት ስመልስ፣ እሱም ሰምቶ ፊቱ ሲበራ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አላውቅም። ለዚህ ግን ክፍተት መተው አለበት። ጉልበተኛ ጎረምሳ ይመጣል፤ ትከሻ፣ አንገት፣ ደረት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርድብኛል። ጎበዝ ነው። ሰዉ ያጨበጭብለታል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። እኔ ግን እዚያ ድንኳን ውስጥ ምሰሶ ነኝ።

ምግብ ቤት ስሠራ ግን ከተመልካቹ መካከል ዓይናፋር እንግዳ አስነስቼ፣ አንድ ትከሻውን ብቻ እየፈራ ከፍ ሲያደርግ፣ ያችኑ ተቀብዬ ትንሽ ጨምሬ እመልስለት ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ መቀመጥ እምቢ ይላል። ማን መራ፣ ማን ተከተለ? እኔንም ግራ ይገባኝ ነበር።

ጓደኛዬ እንደነገረችኝ ድሮ ቦነስ አይረስ ውስጥ ወጣት ወንዶች መምራት ከመልመዳቸው በፊት እርስ በርሳቸው ሲለማመዱ መከተልን ይማሩ ነበር። ይህን ሰረቅኳቸው። አሁን ወንዶቹ ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት መቀበል ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ፣ ምንጃርኛ ሲዘል ጣሪያ የሚነካ የሚመስል ልጅ፣ ከአንዲት ዝምተኛ ልጅ ፊት አቆምኩት።

«ቲቸር፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልገተር?»

«ተገተር።»

ከበሮው ሄደ። ልጅቷ አልቸኮለችም። አራተኛው ዙር ላይ ግራ ትከሻዋን ብቻ፣ ነጠላዋ እንኳ ሳይነቃነቅ፣ አነሳች። ልጁ «እንዴ!» አለና ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።