በሩ ሳይከፈት የሚወሰን ነገር

የሰው ልጅ ለጸሎትና ለገበያ፣ ለሸንጎና ለለቅሶ እንደሚሰበሰብ ሁሉ ለደስታም ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ለደስታ የተሰበሰበ ሕዝብ ከሌላው ጉባኤ ሁሉ የተለየ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ስለ አደጋ ማሰብን ከቤቱ ትቶ መምጣቱ ነው። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ኪሱን ይጠብቃል፣ መንገድ የሚሻገርም ሰው ግራና ቀኙን ያያል፤ ወደ መዝናኛ ፓርክ የገባ አባት ግን ልጁን በትከሻው ተሸክሞ፣ ዐይኑን ወደ መብራቱ፣ ጆሮውን ወደ ሙዚቃው አቅንቶ፣ ለራሱና ለቤተ ሰቡ ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ ለእኛ ለሠራተኞቹ አስረክቦን ያልፋል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በአንድ ትልቅ ፓርክ፣ መጀመሪያ በሮለር ኮስተር ጣቢያ ቀበቶ ፈታሽ፣ በኋላም የሕዝብ እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪ ሆኜ ብዙ ዘመን ስሠራ፣ ከሁሉ በላይ ሲከብደኝ የኖረው ይህ ሳንጠይቅ የተቀበልነው ዐደራ ነው።

ስለ ሥራችን ከውጭ ሆኖ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደንብን በአንድ ወገን፣ ደስታንና ገቢን በሌላ ወገን አቁሞ፣ ፓርክ ማስተዳደር ማለት እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህ አነጋገር እውነት የሚመስልበት ሰዓት አለ፤ እሱም ወረፋው ከረዘመ፣ ፀሐዩ ከበረታ፣ ሕፃናቱም ማልቀስ ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት «ይቆይ» የሚለው ደንብና «ቶሎ ይሁን» የሚለው ሕዝብ በእርግጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ለጋ፣ ደመወዙም ትንሽ የሆነ ወጣት ሠራተኛ ነው። እንግዲህ የሙያችን ፍሬ ነገር ይህን ሸክም በዚያ ወጣት ላይ አለመጣል ነው። በጭንቅ ሰዓት የሚወሰን ነገር በጩኸት ይጠመዘዛልና፣ በሩ ሳይከፈት፣ ስፍራው ባዶ ሳለ፣ ልቡናም በረጋበት ጊዜ አስቀድሞ መወሰን፣ የተወሰነውንም በምድሩ አቀማመጥ፣ በብረቱ አሠራርና በቁጥሩ ስሌት ውስጥ አትሞ ማስቀመጥ ይገባል።

አስቀድሞ ያልተቈጠረ ሕዝብ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ዋልት ዲስኒ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ ያሠራው ዲስኒላንድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 የተከፈተበትን ዕለት ይመልከት። ዕለቱ ለጋዜጠኞችና ለተጠሩ እንግዶች ብቻ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሐሰተኛ የመግቢያ ወረቀቶች ተመሳስለው ታትመው በሰው እጅ ስለ ገቡ፣ ከታሰበው እጅግ የሚበልጥ፣ ወደ 28,000 የሚገመት ሕዝብ ገባ። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ አድርገው ስለ ነበረ በየቦታው የመጠጥ ውሃ ታጣ፤ ገና ያልጠነከረው አስፋልት በሐሩሩ ለስልሶ የሴቶቹን የጫማ ተረከዝ ይዞ ያስቀር ነበር፤ ምግብም አለቀ። እያንዳንዱ ጉድለት ለብቻው ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በተቻለ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ቀን የከበደው ግን የሚገባው ሰው ብዛት ከበሩ ሥልጣን ውጭ ስለ ሆነ ነው። ዛሬ በደንብ የሚተዳደር ፓርክ ሁሉ ስንት ሰው እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ ቁጥሩም ሲሞላ፣ ከውጭ የቆመው ምንም ያህል ቢያዝን፣ በሩ ይዘጋል። በሩን የዘጋው ሰው በዚያች ሰዓት ምንም አልወሰነም፤ ከብዙ ወራት በፊት የተወሰነውን ፈጸመ እንጂ።

ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የስፍራ ነገር ነው። ዲስኒላንድ በዚያ ቀን ቢጨነቅም የምድሩ አቀማመጥ በጥበብ የታሰበ ስለ ነበር እስከ ዛሬ የሙያችን መማሪያ ሆኖ ይኖራል። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ በር ገብቶ፣ አንድ ሰፊ ጎዳና ተከትሎ፣ ወደ ክብ ዐደባባይ ይደርሳል፤ ከዐደባባዩም ወደ ልዩ ልዩ የፓርኩ ክፍሎች የሚወስዱ መንገዶች በየአቅጣጫው ይከፈታሉ፤ ከፊትም ከሩቅ የሚታይ ግንብ ቆሟል። እንግዳው ማንንም ሳይጠይቅ ግንቡን አይቶ መንገዱን ያገኛል፤ ተቆጣጣሪውም በዐደባባዩ ቆሞ ሕዝቡ ወዴት እንዳደላ በዐይኑ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1971 በፍሎሪዳ የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም ደግሞ፣ በዚያ አገር የከርሰ ምድሩ ውሃ ለገጹ ቅርብ ስለ ሆነ፣ የሠራተኛውን መተላለፊያ በመሬቱ ልክ ሠርቶ እንግዶች የሚመላለሱበትን ፓርክ በላዩ ላይ አነጸው፤ በዚህም ጥራጊው፣ ዕቃውና ተረኛው ሠራተኛ ከሕዝቡ ጋር ሳይጋፉ ከታች ያልፋሉ። ሰፊ መሬት የሌለው ግን ከኮፐንሃገን ቲቮሊ ይማር። እ.ኤ.አ. በ1843 በቀድሞው የከተማ ምሽግ ቦታ ላይ የተከፈተው ይህ ፓርክ፣ በከተማ መካከል ተወስኖ ሳለ፣ ከምሽጉ የውሃ ጉድባ የቀረውን ሐይቅ ደፍኖ መሬት ማትረፍን አልመረጠም፤ ሐይቁን ጠብቆ፣ በዙሪያው ዛፍና አበባ ተክሎ፣ ጠባቡ ስፍራ ለእግርም ለዐይንም ማረፊያ እንዲኖረው አደረገ። ሒሳብ ያዥ ባዶውን ስፍራ አይቶ «እዚህ ላይ አንድ ሱቅ ቢቆም» ይላል፤ እኔ ግን በጭንቅ ሰዓት ሕዝቡ ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ያ ባዶ ስፍራ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ፣ በፓርክ ውስጥ ከሁሉ የከበረው መሬት ምንም ያልተሠራበት ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ጣቢያው እንግባ፤ የስሌቱ ምሥጢር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚያ ነውና። ለ24 ሰዎች የተሠራ ባቡር በየ60 ሰከንዱ ቢነሣ በሰዓት 1,440 ሰዎች ያስተናግዳል፤ በየ75 ሰከንዱ ቢነሣ ግን 1,152 ብቻ ነው። በየጉዞው የምትጠፋው የ15 ሰከንድ መዘግየት በየሰዓቱ 288 ሰዎችን ወረፋ ላይ ታስቀራለች ማለት ነው። አለቆች ይህን ቁጥር ሲያዩ «ፍጠኑ» ይላሉ፤ ልምድ ያለው ሰው ግን ፍጥነቱ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ከፍተሻው ከተወሰደ ጥፋት ነው። ፈታሹ በእያንዳንዱ መቀመጫ አጠገብ ቆሞ ቀበቶውን ወደ ራሱ ይስባል፣ የጭኑን ማገጃ ብረት ወደ ታች ይጫናል፣ መልሶም ወደ ላይ ይስበዋል፤ ካልተንቀሳቀሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ መጨረሻም ላይ እጁን አንሥቶ ለባልንጀራው ምልክት ይሰጣል፤ በብዙዎቹ ጣቢያዎችም ሁለቱ ሠራተኞች የየራሳቸውን ቁልፍ ካልተጫኑ ባቡሩ አይነሣም። ያቺ 15 ሰከንድ የምትገኘው ከስፍራው አሠራር ነው፤ ባቡሩ ገና ሳይመጣ «ስንት ናችሁ?» ብሎ እየጠየቀ ተራቸው የደረሰውን በየመደዳቸው የሚያቆም ሠራተኛ ሲኖር፣ የሚወርዱት በአንድ ወገን፣ የሚሳፈሩት በሌላ ወገን ሲሆኑ፣ ቦርሳ ማስቀመጫውም ከመቀመጫው ፊት ለፊት ሲገኝ፣ ማንም ሳይሮጥና ማንም ሳይገፋ ጊዜው ይተርፋል።

ብረቱም የራሱ ሥርዓት አለው። በቲቮሊ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ የሚሠራው የእንጨት ሮለር ኮስተር እስከ ዛሬ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ተሳፍሮበት ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በዲስኒላንድ ከተከፈተው ማተርሆርን ከሚባለው ሮለር ኮስተር ወዲህ ግን፣ ብዙ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ እንዲሄዱ ሐዲዱን በክፍል በክፍል መክፈልና በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ባቡር በቀር እንዳይገባ በፍሬን መከልከል የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ፊተኛው ካልለቀቀ ኋለኛው አይገባም። ሆኖም ይህን የብረት ውሳኔ የሰው እጅ ሊሽረው እንደሚችል እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2015 በእንግሊዝ አገር በአልተን ታወርስ ፓርክ ታየ። ስማይለር በሚባለው ሮለር ኮስተር ሐዲድ ላይ አንድ ባዶ ባቡር ለሙከራ ተልኮ መካከል ላይ ቀረ፤ መቆጣጠሪያውም እንደ ሥርዓቱ ተከታዩን ባቡር አስቆመ፤ መሐንዲሶቹ ግን ተጨማሪ ባቡር በሐዲዱ ላይ መኖሩን ስላላወቁ መቆጣጠሪያው የተሳሳተ መስሏቸው ክልከላውን ሽረው 16 ሰዎች የተሳፈሩበትን ባቡር ለቀቁት። ባቡሮቹ ተጋጭተው ብዙዎች ቆሰሉ፤ ሁለት ወጣት ሴቶችም እግራቸው ተቈረጠ። ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት በባለቤቱ ኩባንያ ላይ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት የፈረደው፣ ጥፋቱ የአንድ ሠራተኛ ስሕተት ሳይሆን የአሠራር ጉድለት በመሆኑ ነው። ባቡር ሲቆም ሕዝብ እንደሚያጉረመርምና ልብም እንደሚቸኩል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ክልከላውን ማን፣ ምን ምን ካረጋገጠ በኋላ ሊያነሣ እንደሚችል በጽሑፍ የተደነገገ ሥርዓት ከሌለ፣ የተሻለው መሣሪያ እንኳ በጥድፊያ ይሸነፋል።

ስለ ቁመት መለኪያው ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ቀን አንድ የአገራችን ሰው ልጁን ይዞ መጣ፤ ልጁ ሲለካ ሁለት ጣት ያህል ጎደለው። አባትየው መልኬን አይቶ በአማርኛ፣ «የአገሬ ልጅ አይደለህም እንዴ? ለሁለት ጣት ብለህ ይህን ሕፃን ታስለቅሰዋለህ?» አለኝ። «ጋሼ፣» አልሁት፣ «ይህ ብረት የሚይዘው ጭኑን ነው፤ ጭኑ ካልደረሰበት በብረቱና በልጁ መካከል ክፍተት ይኖራል፤ ያን ክፍተት እኔም እርስዎም በእጃችን ልንሞላው አንችልም።» ጥቂት ዝም ብሎ የልጁን ራስ ዳሰሰና እሺ አለ። ይህ ንግግር በሰላም ያለቀው በእኔ አንደበት ጥሩነት አይደለም፤ መለኪያው በወረፋው መግቢያ ላይ ስለ ቆመ ነው። ያው መለኪያ ከባቡሩ አጠገብ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰዓት በፀሐይ የቆመ አባት የሚያለቅስ ልጅ ይዞ በመቶ ሰው መካከል ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ደንቡም ሰውየውም ተዋርደው ነበር። አንዱ ወላጅ ሲሳፈር ሌላው ከልጁ ጋር ቆይቶ፣ በኋላ እንደ ገና ሳይሰለፍ በተራው እንዲሳፈር የሚፈቅደውም ሥርዓት ከዚሁ አሳብ የተወለደ ነው፤ እንቢ የሚል ደንብ ከጎኑ ሌላ በር ሲከፈትለት ሰው በደስታ ይቀበለዋል።

ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ራሱ ሕዝቡ ነው፤ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፣ ሲጠጋጋ የራሱ ፈቃድ ስለማይኖረው ነው። የሕዝብን እንቅስቃሴ ያጠናው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩይን እንዳስረዳው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 7 ያህል ሰዎች ሲቆሙ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይሆናል፤ ከወዲያ የተነሣ ግፊት በሰዎች አካል ውስጥ አልፎ ከወዲህ ይደርሳል፤ ሰውም ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨንቆ ትንፋሹ ይቋረጣል። ከፊት የሆነውን ከኋላ ያለው አያይም፤ ስለዚህ ይገፋል። ማታ ርችት ተተኩሶ ሲያበቃ ሺሕ ሰው ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ሲዞር፣ ሥራችን ያን ሕዝብ ማስቆም አይደለም፤ አስቀድመን ሁለት ሦስት መንገድ ከፍተን፣ ሱቆቹን ክፍት ትተን፣ ሙዚቃውን ሳናቋርጥ፣ ገሚሱ እንዲዘገይ ምክንያት መስጠት ነው። መውጫው የማይታይ ስፍራ ምን እንደሚያመጣም እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1984 በኒው ጀርዚ በሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር ፓርክ ታየ፤ እርስ በርስ ከተገጣጠሙ ተጎታች ሣጥኖች የተሠራ፣ ጨለማና ጠመዝማዛ የማስፈራሪያ ቤት እሳት ተነሥቶበት 8 ወጣቶች ሞቱ። ቤቱ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ስለ ተቈጠረ የጢስ ማስጠንቀቂያም ሆነ ከጣራ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም፤ ጊዜያዊ የተባለው ቤት ግን ዓመታት ቆሞ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአገሬ ሰው በአማርኛ የምጽፈው የባዕድ አገር ነገር ለማስደነቅ አይደለም። አባቶቻችን ሕዝብን በስፍራ ማስተዳደር ያውቁ ነበር፤ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ተከፍሎ፣ በሮቹ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ተከፍተው፣ ወንዱና ሴቱ በየበራቸው ሲገቡ፣ የበዓሉም ሕዝብ በሰፊው ቅጽር ሲያስቀድስ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ ጉባኤው ይፈጸማል። ነገር ግን ዘመኑ ሕዝቡን አብዝቶታል። በ2012 ዓ.ም. በጎንደር በጥምቀት ዕለት፣ በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። አዲስ አበባም ዛሬ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ባለቤት ሆናለች፤ ወደ እነርሱም የሚሄደው ሕዝብ ያው ዐደራውን ለሠራተኛው አስረክቦ የሚገባ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ በዓል የምታዘጋጁ፣ ፓርክ የምታሠሩና የምትመሩ ሁሉ፣ በሩ ሳይከፈት እነዚህን ጠይቁ፤ ስፍራው ስንት ሰው ይችላል? የሚገባውን የሚቈጥረው ማን ነው? ርብራቡን ያየው መሐንዲስ የትኛው ነው? በጨለማም ቢሆን መውጫው በስንት ወገን ይታያል? «ይቁም» ለማለት ሥልጣን የተሰጠው ሠራተኛስ፣ ይቁም ባለበት ቀን የሚደግፈው አለቃ አለውን? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት በር፣ ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ቢጮህም እንኳ፣ አይከፈት።