«አስተዋይ» መብራት፦ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ሂስ

የከተማ ትራፊክ መብራትን በኮምፒዩተር ስሌት ስለ ማዘዝ የሚወጡ የአማርኛ ጽሑፎች «መብራቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመራል» የሚለውን ሐረግ ያዘወትራሉ። ሐረጉ ለጆሮ ቢያምርም ለዚህ መሣሪያ ሲውል ከሚገባው በላይ ይናገራል።

«አስተዋለ» ማየትን ብቻ የሚገልጽ ግስ አይደለም። ማመዛዘንን፣ በዚያም ላይ ተጠያቂነትን ያዘለ ነው። አየር ጤና ላይ ልጁን አስፋልት የሚያሻግር አባት «አስተውል!» ይለዋል፤ ሰው የገጨ ሾፌር «ምነው ብታስተውል ኖሮ» ተብሎ ይወቀሳል። መብራት ያስተውላል ካልን ዘንድ፣ አደጋ ሲደርስ «መብራቱ ባለማስተዋሉ» ብሎ መጻፍን ሰዋስዋችን ይፈቅዳል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሌቱን ያዘጋጀው መሐንዲስም ሆነ ያጸደቀው መሥሪያ ቤት ስፍራ የላቸውም።

መሣሪያው የሚያደርገው ግልጽ ነው። ካሜራ ወይም ከአስፋልት ሥር የተቀበረ የሽቦ ጥቅል ተሽከርካሪዎችን ይለያል፤ ስሌቱ የየአቅጣጫውን ብዛት ያነጻጽራል፤ አረንጓዴው ይረዝማል ወይም ያጥራል። የሲድኒው ስካትስ ይህን የመሰለ ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. በ12 ከተሞች እንደሚሠራ ያስታወቀው ዘዴም የሚያቀርበው ምክር ነው፤ ምክሩን ተቀብሎ ሥራ ላይ የሚያውለው የከተማው መሐንዲስ ነው። ስለሆነም «ይቆጥራል»፣ «ያነጻጽራል»፣ «ይገምታል» የሚሉት ግሦች ይበቃሉ።

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» ብሎ መተዉም ከችግር አያድንም። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የዛሬው ኢንስቲትዩት የባዕዱን ቃል እንዳለ ይዟል፤ በብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ስም ውስጥ ግን ያው «ኢንተለጀንስ» «መረጃ» ተብሎ ተተርጉሟል። ለጥናቱ ዘርፍ መጠሪያነት «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሥር ሰድዷልና ይቆይ። ሂሳችን ስያሜው ወደ መብራቱ ግብር መሸጋገሩን ነው።

«ትራፊክ» የሚለውም ቃል ቢሆን ጣጣ አለው። በመንገድ ላይ አማርኛ ትራፊክ ማለት ፖሊሱ ነው። «ትራፊክን በኮምፒዩተር መቆጣጠር» የሚል ርእስ ያነበበ የታክሲ ረዳት፣ ፖሊሱን የሚጠብቅ ማሽን መጣ ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። መሐንዲሶች ለየአቅጣጫው የሚመደበውን የማለፊያ ጊዜ የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በፊደላችን ሲጻፍ «ፌዝ» ይሆናል፤ የፌዝን ትርጉም ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ተራ» የሚለው ቃል ይስማማል። የታክሲ ተራ አስከባሪ የሚሠራው ሥራ ከመብራቱ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ነውና። «ተራ ሰው» ሲባል ያለው ፍች፣ እንዲሁም የኮልፌው «አጣና ተራ» ያቆየው የገበያ ስፍራ ፍች፣ ዐውዱ ስለሚለያቸው አያደናግሩም። ቃሉ ሌላም ብልጫ አለው፤ ባለመብትን ይጠይቃል። ለተሽከርካሪ ብቻ የተዘጋጀ ስሌት አጣና ተሸክሞ የሚያቋርጠውን ሰው ላይቆጥረው ይችላል፤ «አስተውሎት» ይህን ጉድለት ሲሸፍን፣ «ተራ» ግን «የእኔስ መቼ ነው?» ለማለት ያስችላል።

ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው እንደሚከተለው ነው። ተራ፦ በመስቀለኛ መንገድ ለአንድ አቅጣጫ ተሽከርካሪ ወይም እግረኛ የሚሰጥ የማለፊያ ጊዜ። ዙር፦ ተራዎች ሁሉ ተዳርሰው ወደ መጀመሪያው እስኪመለሱ ያለው ጊዜ። እንደ ፍሰቱ ተራ ሰጪ መብራት፦ የተራውን ርዝመት በቆጠራ የሚለዋውጥ መብራት፤ «አስተዋይ መብራት» አይባልም።