ቃሉ ሳይሰበር፦ አሊ ቢራና የ1960ዎቹ የኦሮምኛ ዘፈን ሙያ

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ኦዳ በምትባለው ስፍራና በአካባቢዋ በሠርግና በበዓል የሚዘፍኑ ወጣቶች የሚከተሉት የአዘፋፈን ስልት ከየት እንደመጣ ቢመረመር፣ መነሻው በድንበሩ አቅራቢያ ካለው የቦረና ባህላዊ ዜማ ባሻገር፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በድሬዳዋ ከተማ በተፈጠረው የኦሮምኛ ሙዚቃ እንቅስቃሴ፣ በተለይም በድምፃዊው አሊ ቢራ ሥራዎች ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ አሊ ቢራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ድምፁ ማማርና ስለ ደረሰበት መከራ ሲሆን፣ ሁለቱም እውነት ቢሆኑም ለሙያው ባልደረቦች ግን ከሁለቱ ይልቅ የሚደነቀውና የሚጠናው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የግጥሙ ቃል በንግግር ጊዜ የነበረውን ልክ ሳይለቅ ዜማ እንዲሆን ማድረግ መቻሉ ነው።

በትክክለኛ ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ የሚባለው ይህ ድምፃዊ ተወልዶ ያደገባት ድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 በደረሰበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ሌላ የየመን ዓረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና አርመኖች የሚነግዱባት፣ ከአንዱ ሱቅ የዓረብ ዘፈን ከሌላው የሱዳን ሙዚቃ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። አሊ በልጅነቱ በዓረብ ትምህርት ቤት ተምሮ ከኦሮምኛ በተጨማሪ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ መዝፈን የቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ወጣቶች አፍረን ቀሎ የተባለውን የኪነት ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙም በሐረርጌ የሚገኙትን አላ፣ ባቢሌ፣ ዳጋና ኦቦራ የተባሉትን አራት የቀሎ ጎሣዎች በአንድ የሚጠራ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው አሊ ከእነ አሊ ሸቦና ከገጣሚው አቡበከር ሙሳ ጋር በዚህ ቡድን ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሕዝቡም በመጀመሪያ ዘፈኑ ውስጥ ባለው ቃል ቢራ ብሎ ሰየመው።

የዚያን ጊዜው መድረክ በናፍቆት የሚታወስበት ምክንያት በቂ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ቦታ ያልነበረው ቋንቋ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣ በገጠር ሸጎዬ እየጨፈረ ያደገው አድማጭ የራሱን ምት በከተማ መድረክ ላይ አገኘው። ሸጎዬ ማለት የምሥራቅ ኦሮሞ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው፣ እግር እየመቱና አንገት እያወዛወዙ፣ በግጥም እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ሲሆን፣ የሚጠይቀው መሣሪያ የለም፤ ከበሮውም ሆነ ቅንብሩ የተጫዋቾቹ እግርና ጉሮሮ ነው። ስለዚህ የአፍረን ቀሎ ወጣቶች የገጠማቸው የሙያ ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ መሣሪያ ኖሮት የማያውቀውን ዘፈን በምን ማጀብ ይቻላል የሚል ነበር። መልሱን ያገኙት በአብዛኛው በኡድ ነው።

ኡድ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ በአንገቱ ላይ የድምፅ ቦታን የሚለይ ምንም መከፋፈያ የሌለው የክር መሣሪያ ነው። በተለመደው አሠራሩ 11 ክሮች ሲኖሩት፣ አሥሩ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ አንድ የሚቃኙ፣ አንዱ ደግሞ ብቻውን ቆሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጥ ነው። ክሮቹ የሚመቱት ሪሻ በሚባል፣ ቀድሞ ከንስር ላባ ዘንግ ይሠራ በነበረ፣ ዛሬ ግን ከፕላስቲክ በሚቆረጥ ቀጭን መምቻ ነው። ተጫዋቹ ሪሻውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሥር አሳልፎ ከመዳፉ ውስጥ ያስገባውና ጫፉን ብቻ ወደ ክሩ ያወጣዋል፤ የእጁ አንጓ ሲላላ ምቱ ይጠራል፣ ሲገትር ግን እንጨቱ ይንኳኳል። እንደ ሞያሌ ባለ ደረቅና ሞቃት ቦታ የእንጨቱ መቃኛዎች ስለሚሟሽሹ ክሩ በጨዋታ መካከል ይወርዳል፤ ለዚህም መቃኛውን ነቅሎ ጠመኔ መቀባት የቆየ መፍትሔ ነው። ግራ እጅ በመከፋፈያ ስለማይገደብ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል፤ የሰው ጉሮሮ የሚያደርገውን ትንሽ መንሸራተት ሳይቆርጥ ተከትሎ መሄድ የሚችለውም በዚህ ነው። ክራር በአምስት ወይም በስድስት ክር የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ሲሰጥ፣ ኡድ በቅኝቱ ድምፆች መካከል ያለውንም ቦታ ይነካል።

የአሊ ቢራን ሙያ ለመረዳት ግን ከመሣሪያው በፊት ቋንቋውን ማየት ያስፈልጋል። በኦሮምኛ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል፤ መሬት ማለት የሆነው ቃልና ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት የሆነው ቃል የሚለያዩት በአናባቢዎቻቸው ማጠርና መርዘም ብቻ ነው። በአማርኛ ፊደሉ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል እንጂ አናባቢን ማርዘም ትርጉም ስለማይለውጥ፣ የትዝታ ዘፋኝ የስንኙን መጨረሻ እስከፈለገበት ድረስ ስቦ፣ አርገብግቦ፣ አውርዶ ቢያሳርፈው ቃሉ ያው ቃል ነው። የኦሮምኛ ዘፋኝ ይህን ነጻነት በሁሉም ቦታ አያገኝም፤ አጭሩን አናባቢ ያለ ቦታው ከሳበው አድማጩ ሌላ ቃል ሊሰማ፣ ወይም ቢያንስ የተሰበረ ቃል ሊሰማ ይችላል። ከዚህም በላይ በንግግር ጊዜ በቃል መጨረሻ ላይ የሚገኘው አጭር አናባቢ ብዙውን ጊዜ በትንፋሽ ብቻ የሚነገር በመሆኑ፣ ዘፋኙ እዚያ ላይ ረጅም ድምፅ ሊያቆም ሲፈልግ የሚይዘው ነገር ያጣል።

አሊ ቢራ ይህን እጥረት ወደ ውበት ለውጦታል። ዘፈኖቹ በጥሞና ሲደመጡ የድምፁ ማስዋቢያዎች፣ ማለትም ርግብግቡና መታጠፊያው፣ በአብዛኛው ረጅሙ አናባቢ ያለበትን ቦታ እየመረጡ የሚያርፉ ሲሆን፣ አጭሩን ግን ዳሰስ አድርጎት ያልፋል፤ ስንኙ በአጭር አናባቢ ሲያልቅም ድምፁን ለመጎተት ሳይታገል ይተወውና የተረፈውን ጊዜ ለመሣሪያው ይለቅለታል። ኡዱም ያንን ክፍት ቦታ የዜማውን ጭራ ደግሞ በመመለስ ይሞላዋል። ብዙዎች የአሊን አዘፋፈን ዘና ያለ፣ ያልቸኮለ፣ እንደ ጨዋታ የሆነ ነው ይላሉ፤ የዚህ ዘናነት ምንጩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ይህ የሥራ ክፍፍል ይመስላል። ድምፃዊው ቃሉን ብቻ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ጊዜውን የሚሸከመው መሣሪያው ነው። ጀማሪ አጃቢዎች ይህን ባለማወቅ በድምፁ ሥር ሁሉ ክር ሲመቱ፣ ዘፋኙ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ አብረው ዝም ሲሉ ይታያሉ፤ ዘፈኑም ባዶ ይሆናል።

አፍረን ቀሎ ብዙ አልቆየም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት ታግዶ አባላቱ ተበተኑ፣ አንዳንዶቹ ከአገር ወጡ፣ አሊም ለእስር ተዳርጎ ከተፈታ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በ1966 የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍልን ተቀላቀለ። ይህ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የነበሩበት ታላቅ ቤት ነው። አንድ የኡድ ተጫዋች ወጣት በሳክስፎን፣ በትራምፔትና በትሮምቦን የታጀበ ባንድ ፊት ሲቆም የሚለወጥበት ነገር ብዙ ነው፦ የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፃቸው የተወሰነ በመሆኑ ዘፋኙ ቅኝቱን ለጉሮሮው እንደሚመቸው ሊያወጣና ሊያወርድ አይችልም፤ ቅንብሩ ተጽፎ የተሰጠ ስለሆነም መሣሪያው የሚመልስለት በፈለገው ጊዜ ሳይሆን ወረቀቱ ባለው ጊዜ ነው። የባንዱ ቅንብር የተለመደው ደግሞ ለአማርኛ ዘፈን፣ ማለትም ለሚሳብ ስንኝ ነበር። አሊ ከዚህ ቤት የወሰደው ሥርዓትና የቅንብር ዕውቀት በኋላ ሥራዎቹ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በእሱ ዘፈኖች ውስጥ ሲገቡ ኡዱ ይይዘው የነበረውን የስንኝ መካከል ቦታ ይይዛሉ፣ በቃሉ ላይ ግን አይወጡም። የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች የባንዶቹን ጉልበት ሲያደንቁ ይህን ዓይነቱን ጨዋነት የሚያልፉት መሆኑ ያሳዝናል።

ሸክላም የራሱን ሕግ አምጥቷል። ሸክላ ማተምና ማስመጣት ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ቲያትር በአዋጅ የተሰጠ መብት ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ጥሶ በግሉ ማሳተም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥል የነበረው የሸጎዬ ቅብብል ወደ ሦስትና አራት አንጓ መጠቅለል ነበረበት። አሊ በ1971 ያወጣው አልበም በኦሮምኛ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ለኦሮምኛ ዘፈን መጠንና ቅርጽ የሰጡት የእሱ ሥራዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ዘፈኑ ወደ ደቡብ ወርዶ ሞያሌን የተሻገረበት መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1907 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ስምምነት የተወሰነው ድንበር አንዱን የቦረና ሕዝብ ለሁለት የከፈለ ሲሆን፣ ከ1963 እስከ 1967 በሰሜን ኬንያ የተካሄደው፣ የሽፍታ ጦርነት በመባል የሚታወቀው ግጭትና እሱን ተከትሎ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ እንቅስቃሴን እጅግ ከባድ አድርጎት ነበር። ሰው በማይሻገርበት ጊዜ የሚሻገረው ሬዲዮ ነው፤ የሞቃዲሾ ሬዲዮ በዚያ ዘመን በኦሮምኛም ያሰራጭ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ካሴት መጣ፤ ሸክላ በጭነት መኪና ላይ ይሰበራል፣ ካሴት ግን በኪስ ይገባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ በባትሪ በሚሠራ ቴፕ ከከብት ጋር በረት ድረስ ይሄዳል። የሐረርጌው ኦሮምኛና የቦረናው በአነጋገር ይለያያሉ፤ አንዳንድ ቃላትም አይገናኙም። ያም ሆኖ የአሊ ዘፈን በቦረና ጆሮ ሳይደናቀፍ የገባው፣ ከላይ እንደተባለው፣ የቃሉን ርዝመት ባለመንካቱ ይመስላል፤ የማያውቁትን ቃል እንኳ በልኩ የሰሙ ሰዎች ትርጉሙን ከዐውዱ ያገኙታል፣ የተሰበረ ቃል ግን የሚያውቁትም ቢሆን ያመልጣቸዋል።

የቦረና አድማጭ ደግሞ ስለ ቅብብል ለመማር ድሬዳዋን የሚጠብቅ አልነበረም። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። በበጋ ከብት ሲጠጣ ወንዶች ከውኃው አንስቶ እስከ ገንዳው ድረስ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ይቆሙና በቆዳ የተሠራውን ባልዲ ከታች ወደ ላይ ይቀባበላሉ። ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል፤ ከመካከላቸው አንዱ ከብቱን እያወደሰ ዜማውን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በምቱ ላይ ነው፤ ተቀባዩ አንድ ምት ከዘገየ ውኃው በታች ባለው ሰው ራስ ላይ ይፈስሳል። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ያደገ ጆሮ፣ አውጪው የሚያቆምበትንና ተቀባዩ የሚገባበትን ቦታ ከማንም በተሻለ ይለያል፤ በአሊ ዘፈን ውስጥም ኡዱ የሚገባበትን ቅጽበት ወዲያው ያውቀዋል።

አሊ በ1984 ከኢትዮጵያ ወጥቶ ለብዙ ዓመታት በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ኖረ። በ2010 ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብሏል። ያረፈው ኖቬምበር 6 ቀን 2022 በአዳማ ሲሆን፣ የተቀበረው በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ነው።

ዛሬ በኦዳ ሠርግ ላይ ኡድ ማየት ብርቅ ነው፤ አጃቢው ባብዛኛው ኪቦርድ ሲሆን፣ ምቱም በመሣሪያው ውስጥ አስቀድሞ የተሞላ ነው። የተሞላው ምት ለዘፋኙ አይጠብቅም፤ ዘፋኙም ምቱን ለመሙላት ሲል አጭሩን አናባቢ መሳብ ይጀምራል፣ የአሊ ዘፈንም በዚህ ምክንያት ዜማው እንዳለ ሆኖ ቃሉ ይጠፋል። ለዚህ የሚረዳው የቆየ የልምምድ መንገድ አለ፦ ተማሪው ከሁሉ በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ፣ ለጓደኛ እንደሚናገር አድርጎ ደጋግሞ ይለዋል፤ ቀጥሎ በጭብጨባ ብቻ ይዘፍነውና ድምፁ ያለቀበትን፣ ጭብጨባው ብቻውን የቀረበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ የኪቦርዱ ዜማ የሚገባው በእነዚያ ቦታዎች ብቻ ነው፣ በቀረው ጊዜ ግራ እጅ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ይቆያል። የተሞላው ምትም ቢቻል ይዘጋል፤ ካልሆነ ከልምምዱ ፍጥነት ዝቅ ተደርጎ ይከፈታል፣ ምክንያቱም በሠርግ ሙቀት ዘፋኙ ራሱ መፍጠኑ አይቀርም።